ሰርቮውን ያቃጠለው ድንጋዩ አይደለም

ውጫሌ ላይ ድንጋይ ለሚወጡ ባለሪሞት መኪኖች፣ ክራውለር ለምንላቸው፣ መሬት መፈለግ አያስቸግርም፤ ከአምባሰል ግርጌ ያለው ጭንጫና ቋጥኝ ይበቃል። የሚያስቸግረው መለዋወጫው ነው። መሪውን የምታዞረው ሰርቮ ከተቃጠለች ሌላ ከደሴ፣ ካልሆነም ከመርካቶ እስክትላክ መኪናዋ ትቆማለች። ስለዚህ ሰርቮ ለምን እንደሚበላሽ ማወቅ ለእኛ ከሌላው ሰው ይልቅ ይጠቅመናል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በድንጋዩ ላይ ይለጠፋል። እኔ ግን ሞተሩንና ቦርዱን የሚያቃጥለው ድንጋይ ሳይሆን፣ ሰርቮው መድረስ ወደማይችልበት ቦታ እንዲሄድ መታዘዙ ነው እላለሁ።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይመጣል። ውስጡ ትንሽ ሞተር፣ የጥርሶች ሰንሰለት፣ ፖቴንሽዮሜትርና ቦርድ አለ። ከሪሲቨሩ አብዛኛውን ጊዜ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ምት ይደርሰዋል፤ ምቱ 1.5 ሚሊሰከንድ ከቆየ መሐል ቁም፣ ወደ 1 ካጠረ ወይም ወደ 2 ከረዘመ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዙር ማለት ነው። ቦርዱ የታዘዘውን ቦታ ፖቴንሽዮሜትሩ ካሳየው ቦታ ጋር ያስተያያል፤ ልዩነት እስካለ ድረስ ሞተሩን መግፋቱን አይተውም። የመሪው ክንድ አክስሉ ላይ ደርሶ ከተገደበ፣ ተራው ሰርቮ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ብዙ ተማሪ ለፕሮጀክት የሚገዛትን ኤምጂ996አርን እንውሰድ፦ በ6 ቮልት ስትታነቅ 2.5 አምፔር ያህል ትስባለች። ይህ 15 ዋት ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ትንሽ የመበየጃ ካውያ በታሸገ ሳጥን ውስጥ ሰክቶ እንደመተው ነው።

«እንዲህ ከሆነ ጠንካራ ሰርቮ መግዛት ነዋ» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ጠንካራው ሰርቮ ሲታነቅ የሚስበው ኤሌክትሪክ ደግሞ ይበልጣል። የብዙ መኪኖች ስፒድ ኮንትሮለር ለሰርቮና ለሪሲቨር የሚሰጠው 2 ወይም 3 አምፔር ብቻ ስለሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሪሲቨሩ ይጠፋል፣ መኪናዋ አቀበት ላይ ሳለች ሪሞቱን አትሰማም። ይህን ለማምለጥ ሰርቮውን በቀጥታ ከባትሪው ጋር የሚያገናኙም አሉ። ባለ2 ሴል ሊፖ ባትሪ ሙሉ ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው፤ ኤምጂ996አር የምትችለው እስከ 7.2 ነው። ለ8.4 የተሠሩ ሰርቮዎች ስላሉ፣ ከመግዛት በፊት ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ቮልት ማንበብ ይገባል። ጉልበት መጨመር የተገደበውን ክንድ አያስለቅቀውም፤ ወይ ክንዱን ያጣምማል፣ ወይ ራሱን ይበላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ጎማው በሁለት ድንጋዮች መሐል ሲቀረቀር የሚያግደው ድንጋዩ ራሱ አይደለም ወይ? ነው። መኪናዋ ስትወድቅ ጎማው ላይ የሚያርፈው ምትም ጥርስ ይሰብራል፤ ይህን አልክድም። ጥርስ ግን ብቻውን ሊቀየር የሚችል ክፍል ነው፤ ሞተርና ቦርድ የሚቃጠሉት በቆይታ ነው። ጎማው ሲቀረቀር መሪውን ጨምቆ መያዝ ትርፉ ሙቀት ብቻ ነው። መሪውን ለቆ፣ መኪናዋን ስንዝር ያህል ወደኋላ መልሶ፣ ጎማው እየተንከባለለ ሳለ ማዞር ይሻላል፤ የሚንከባለል ጎማ ከቆመ ጎማ በጣም ባነሰ ጉልበት ይዞራል።

ዋናው ሥራ ግን ከመንዳት በፊት ነው፣ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መሐሉን ማግኘት፦ ሪሞቱ ላይ ትሪሙን ዜሮ አድርጋችሁ ኃይል ስጡት፤ ሰርቮው መሐል ላይ ሲቆም ክንዱን ግጠሙት። የብዙ ሰርቮዎች ዘንግ 25 ጥርስ ስላለው ክንዱ በአንድ ጥርስ ሲዘል 14 ዲግሪ ያህል ይስታል፤ ያንን ሁሉ በትሪም ለማረም የሚሞክር ሰው አንዱን ጎን ያሳጥራል፣ ሌላውን ያንቃል። ሁለተኛው ገደቡን መወሰን፦ የፊት ጎማዎቹን ከመሬት አንሡ፣ መሪውን እስከ ጫፍ አዙሩና አዳምጡ። ከቆመ በኋላ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ካልተወ እየታነቀ ነው። ሪሞቱ ላይ ኢፒኤ፣ በርካሾቹ ደግሞ ዲ/አር በሚለው ማስተካከያ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቀንሱ። የመዞሪያ ማዕዘኑ ይጠባል ብሎ የሚሰጋ ካለ፣ የሚቀነሰው ጎማው ቀድሞም የማይደርስበት ክፍል ብቻ ነው።

«አዲስ መግዛት ይቀላል» ለሚሉ ደግሞ፣ በፕላስቲክ ጥርስ የተሠራችው ባለ9 ግራሟ ኤስጂ90 ስትሆን እስማማለሁ። የብረት ጥርስ ያለው ግን ከመጣሉ በፊት ሊመረመር ይገባዋል። ሞተሩ እየጮኸ ክንዱ ካልዞረ ጥርስ ተበልቷል። መሐል ላይ ከተንቀጠቀጠ ፖቴንሽዮሜትሩን ጠርጥሩ። ይህ ዕቃ በአሮጌ ራዲዮ ውስጥ የድምፅ መቆጣጠሪያው ራሱ ነው፤ አቧራ ሲገባው ድምፅ የሚያንኮሻኩሸው እሱ ነው፤ የራዲዮ ጠጋኝ በኮንታክት ማጽጃ ያጥበዋል። ዝም ብሎ ከጋለ ሞተሩ ወይም ቦርዱ ነው፤ ሞተሩን ከቦርዱ ነቅሎ በቴስተር መለካት ይለያቸዋል።

ሲከፈት አራቱን ረጃጅም ብሎኖች ከታች በትንሽ ካቻቢቴ ፍቱ፤ ክዳኑን ከላይ ስታነሡ ጥርሶቹ ከመበታተናቸው በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ። አሮጌውን ግራሶ ጠርጋችሁ አዲሱን በስስ ጥርሶቹ ላይ ብቻ ቀቡ፤ ፖቴንሽዮሜትሩ ላይ ከደረሰ ንባቡን ያበላሻል። ውኃ አይገባውም የተባለ ሰርቮ ከሆነ የጎማ ማኅተሙን ሳትቀዱ ወደ ቦታው መልሱ፤ የተቀደደ ማኅተም ያለው ሰርቮ ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ከገባ ቦርዱ ይዝጋል። ስትገጣጥሙ አራቱን ብሎኖች በሰያፍ አቀያይራችሁ እኩል አጥብቁ፤ አንዱ ጎን ቀድሞ ከጠበቀ ክዳኑ ዘንበል ብሎ ዘንጉን ይይዛል፣ ሰርቮውም ምንም ሳይጫንበት መጋል ይጀምራል።