ብርድ የለመደው በቀቀንና የቆላ ዘመዱ

ከአምቦ ተነስታችሁ ወንጪ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ብርዱ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተኛው። ጃኬቴን እስከ አገጬ ዘግቼ ቁልቁል ስወርድ፣ ከአንድ ጥድ ላይ ትናንሽ አረንጓዴ ወፎች እየጮሁ ተነሱ። በቀቀን! አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ገርሞት «በቀቀን የቆላ ወፍ አይደል እንዴ?» አለኝ።

ያየነው ክንፈ ጥቁሩ ትንሽ በቀቀን ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ አጋፖርኒስ ታራንታ። በተፈጥሮ የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። የጓደኛዬ አባባል ግን የቅርብ ዘመዱን በደንብ ይገልጸዋል። አጋፖርኒስ ፑላሪየስ የሚባለው ፊተ ቀዩ በቀቀን ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ባለው ሞቃት አገር ይኖራል።

መለየቱ አይከብድም። የደጋው ወንድ ግንባሩና የዓይኑ ዙሪያ ቀይ ነው፤ ሴቷ ጭንቅላቷ አረንጓዴ ነው። የቆላዎቹ ሁለቱም ፊታቸው ቀላ ያለ ነው፣ የሴቷ ብቻ ወደ ብርቱካንማ ፈዘዝ ይላል። ዝምድናቸው የሚታወቀው ሲበሩ ነው፦ የሁለቱም ወንዶች ክንፍ ከሥሩ ጥቁር ነው።

እኔ መሐንዲስ ስለሆንኩ ከቀለሙ ይልቅ የሳበኝ የሙቀቱ ጉዳይ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ 1,000 ሜትር ላይ ካለ ቆላ ጋር ሲነጻጸር ወንጪ 12 ዲግሪ ያህል ይበርዳል ማለት ነው። ታዲያ እንዴት ይቻላል?

አንዱ መልስ መጠን ነው። የደጋው 16.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የቆላው 15 ገደማ ይረዝማል። ትንሽ ልዩነት ትመስላለች አይደል? ቅርጻቸው አንድ ነው ብለን ብናሰላ ግን፣ ርዝመት በ10 በመቶ ሲጨምር ሙቀት የሚያመልጥበት ቆዳ በ21 በመቶ፣ ሙቀት የሚያመነጨው አካል ደግሞ በ33 በመቶ ያድጋል። ትልቅ ድስት ቀስ ብሎ የሚበርደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይበልጥ የሚገርመው ጎጆው ነው። የቆላው በቀቀን ዛፍ ላይ የተሠራ የምስጥ ቤት ፈልጎ ይቦረቡራል፤ ዋናዋ ቆፋሪ ሴቷ ናት። የምስጡ ቤት ሙቀት ስለሚይዝ እንቁላሉ የተዘጋጀ ማሞቂያ ውስጥ እንደገባ ቁጠሩት። በሰው እጅ ማራባት የሚያስቸግረውም ይኼን ሙቀት መተካት ስለሚከብድ ነው። ደገኛው እንዲህ ያለ ማሞቂያ የለውም። የዛፍ ቀዳዳ ይይዛል፤ ውስጡን በቅጠል፣ በሣርና በላባ ያነጥፋል፤ የቀረውን የእናትየው ገላ ያሞቀዋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ይህ ወፍ እንደ ግንደ ቆርቁር እንጨት ፈልፍሎ ቤት አይሠራም፤ ተዘጋጅቶ የቆየ ቀዳዳ ነው የሚፈልገው። ቀዳዳ ደግሞ ያረጀ ጥድ ወይም ያረጀ ኮሶ ላይ ነው የሚገኘው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ለማገርም ለማገዶም ጥሩ ነው፣ ግን ቀዳዳ ሳያወጣ ገና በወጣትነቱ ይቆረጣል። ዳገቱ አረንጓዴ ሆኖ እያለ ለበቀቀኑ ቤት ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

ወደ አፋፉ ስንመለስ ጓደኛዬ ወፎቹን መፈለግ ትቶ አሮጌ ግንድ ባየ ቁጥር ቀዳዳ ይቆጥር ጀመር። አምስት አገኘ፤ አራቱ አንድ ኮሶ ላይ ነበሩ።