ደወሉን አንቁጠር፣ ሰዓቱን እንመልከት

ባለፈው ወሰነ ትምህርት በኮምፒዩተር የሚሠራ አንድ የፈተና ፕሮግራም ጽፈን ነበር። ጥያቄው 40፣ ጊዜው 30 ደቂቃ ሲሆን እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ሥዕል ነበረው። በመስኮቱ ጥግ የቀረውን ጊዜ የሚያሳይ ቁጥር አስቀመጥን፤ የታይመሩ መልእክት በደረሰ ቁጥር አንድ ሰከንድ ይቀነሳል። በራሳችን ኮምፒዩተር ሞከርነው፤ ደኅና ሠራ።

ለሰልጣኞች በሰጠንበት ዕለት ግን ጉድ ፈላ! ሁሉም እኩል ጀምረው፣ በአዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ላይ የተቀመጡት «ጊዜው አልቋል» ሲባሉ በአሮጌዎቹ ላይ የተቀመጡት ገና ከአንድ ደቂቃ በላይ ቀርቷቸው ነበር። አንዲት ሰልጣኝ «የኔ ሰዓት ነው የሮጠው ወይስ የነሱ ነው የተኛው?» ብላ ጠየቀችን። ያን ዕለት መልስ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ መርምረን ያገኘነውን እነሆ።

ታይመር ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ታይመር ሲባል ሰዓት ይመስለናል። ነገር ግን ታይመር ደወል እንጂ ሰዓት አይደለም። በትምህርት ቤት ዘበኛው ቸርኬውን ሲመቱ ክፍለ ጊዜው ማለቁን እናውቃለን። ዳሩ ግን ርእሰ መምህሩ ለጉዳይ ቢልኳቸውና ሦስት ደወል ቢያልፋቸው፣ ሲመለሱ አንድ ጊዜ ይመታሉ እንጂ ያለፉትን ሦስቱንም አከታትለው አይመቱም። እንግዲህ ደወል እየቆጠረ «አሁን ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው» የሚል ተማሪ መሳሳቱ አይቀርም።

በዊንዶውስም ነገሩ እንዲሁ ነው። በቪዡዋል ቤዚክ ወይም በሲ ሻርፕ ፎርም ላይ ታይመር አስቀምጠን «ኢንተርቫል» በሚለው ቦታ 1000 ብንጽፍ፣ «በየ1000 ሚሊ ሰከንዱ፣ ማለት በየሰከንዱ፣ ቀስቅሰን» ማለታችን ነው። ጊዜው ሲደርስ ለፕሮግራማችን መልእክት ይመጣል። ይህ መልእክት ግን ወረፋ ጠባቂ ነው፤ የቁልፍና የማውስ መልእክቶች ይቀድሙታል። ፕሮግራሙ በሌላ ሥራ ከተጠመደም ሥራውን እስኪጨርስ ይቆያል። በዚህ መካከል ሁለት ሦስት ደወል ቢደራረብ አንድ ሆኖ ይደርሳል።

ስሕተቱ ከየት መጣ?

በአሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች አንዱን ሥዕል ከዲስክ ማንበብ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅ ነበር። በዚያ ጊዜ መድረስ የነበረባቸው 3 ደወሎች አንድ ሆነው ስለደረሱ 2ቱ ጠፉ። 2 በ40 ጥያቄ ሲባዛ 80 ሰከንድ ይሆናል። ያ ነው ነገሩ! የተኛው የአሮጌዎቹ ሰዓት ነበር።

ሌላም ጥቃቅን ስሕተት አለ። ዊንዶውስ ዘወትር ጊዜውን የሚያየው በሰከንድ 64 ጊዜ፣ ማለት በየ15.6 ሚሊ ሰከንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የአይ ቢ ኤም ፒሲ ላይ ደግሞ በሰከንድ 18.2 ጊዜ ብቻ፣ ማለት በየ55 ሚሊ ሰከንዱ ያህል ነበር። ስለዚህ ደወሉ ጥቂት ሊዘገይ ይችላል። እያንዳንዱ ደወል 10 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ ማንም ልብ አይለውም፤ 1800 ጊዜ ሲጠራቀም ግን 18 ሰከንድ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1ኛ፦ ደወሉን አለመቁጠር። ፈተናው ሲጀመር «ስቶፕዎች» የሚባለውን፣ የስፖርት መምህር በሩጫ ጊዜ የሚይዘውን ዓይነት ሰዓት እናስነሣለን። ደወሉ በደረሰ ቁጥር «ስንት ሰከንድ አለፈ?» ብለን እንጠይቅና ከ1800 እንቀንሳለን። አንዱ ደወል ቢጠፋ እንኳ ቀጣዩ ያርመዋል።

2ኛ፦ ቀንና ሰዓት በሚያሳየው የኮምፒዩተሩ ሰዓት አለመተማመን። አንዱ ብልጥ ሰዓቱን 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ቢመልሰው 10 ደቂቃ በነፃ አተረፈ ማለት ነው። «ስቶፕዎች» ግን በዚህ አይታለልም።

3ኛ፦ ፕሮግራሙን አለማስተኛት። አንዳንዶቻችን አንድ ሰከንድ ለመጠበቅ «ስሊፕ» የሚለውን ትእዛዝ እንጽፋለን። በመስኮቱ ዋና ሥራ ውስጥ ይህን ካደረግን ተፈታኙ ቁልፍ ቢጫን የሚሰማው የለም። 5 ሰከንድ ያህል ዝም ካለ ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ «ፕሮግራሙ ምላሽ አይሰጥም» ይለዋል። ሥዕሎቹንም ፈተናው ከመጀመሩ በፊት አንብቦ ማዘጋጀት ይበጃል።

4ኛ፦ ጊዜው ሲያልቅ አስቀድሞ ታይመሩን ማቆም፣ ከዚያ «ጊዜው አልቋል» የሚለውን ማሳየት። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥነው ማስታወቂያው በየሰከንዱ ይደጋገምና መስኮቱን ይሞላዋል። እኛም ደርሶብናል!

መልመጃ

በአንድ ፎርም ላይ ሁለት ቁጥሮች አስቀምጡ። አንደኛው ደወል ይቁጠር፤ ሁለተኛው «ስቶፕዎች»ን ይጠይቅ። ቀጥሎም ሲጫኑት ፕሮግራሙን ለ3 ሰከንድ የሚያስተኛ አዝራር ጨምሩና አሥር ጊዜ ተጫኑት። የሁለቱን ቁጥሮች ልዩነት ጽፋችሁ፣ ለምን እንደተለያዩ ለጓደኛችሁ አስረዱ። ማስረዳት ያልቻለ ገና አልገባውም ማለት ነው።

ያንን ፈተና ሰርዘን፣ ፕሮግራሙን አርመን እንደገና ሰጠን። ሁለት ጊዜ መፈተን ማንንም አላስደሰተም፤ ግን ሌላ መንገድ አልነበረንም። ፈተና ፍርድ ነውና። መምህር በእጁ ሰዓት ይዞ ሲፈትን ለሁሉም እኩል ጊዜ እንደሚሰጥ፣ በእርሱ ፈንታ የሚቆም ፕሮግራምም እንዲሁ ማድረግ አለበት። ማሽኑ ስለ ፍትሕ አያውቅም፤ ማወቅ ያለብን እኛ ነን።