የዕድል ገቢ እንዴት ይታከሳል? ስለ ሎተሪ፣ ስለ ውርርድና ስለ 15 በመቶው

(በሞላሌ ከተማ በግንቦት 2015 ዓ.ም. ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ በጽሑፍ የተገለበጠ)



ስለ ታክስ ይነገራል ሲባል አዳራሽ እንደማይሞላ በሙያዬ አውቃለሁ። ዛሬ ወንበር ያሳጣን «ውርርድ» የሚለው ቃል መሆኑንም አልዘነጋሁም። ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ሕጋችን ይህን ዓይነቱን ገቢ «የዕድል ሙከራ» ገቢ ይለዋል። ሕዝቡ የሚጠቀምባቸው ቃላት ግን አብዛኞቹ መጤ ናቸው፤ «ሎተሪ»ና «ቶምቦላ» ከጣሊያንኛ፣ «ቁማር» ከዐረብኛ ተወርሰዋል። የራሳችን የሆነው «ዕጣ» ነው፤ እርሱ ደግሞ ከሁሉ የሰፋ በመሆኑ ያሳስታል። ዕጣ የወጣበት ሁሉ የዕድል ሙከራ አይደለምና። እቁብን ውሰዱ። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ፣ ዕጣ የወጣለት 10,000 ብር ይወስዳል። ይህ ሰው ግን ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ የጣለውም 10,000 ብር ነው። ዕጣው የወሰነው መቼ እንደሚወስድ እንጂ ምን ያህል እንደሚያገኝ አይደለም። ያተረፈው ስለሌለ የሚታከስ ገቢ የለውም። የዕድል ሙከራ የሚሆነው የአንዱ ማግኘት በሌሎች ማጣት ላይ ሲቆም፣ ለያዡም ማን እንደሚያገኝ የሚወስነው ዕድል ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ድንጋጌው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 በዕድል ሙከራ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ጣለ፤ ከ100 ብር በታች የሆነውን ነጻ አደረገ። በ2008 ዓ.ም. የተተካው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መጣኔውን እንዳለ ትቶ ነጻውን ወለል ወደ 1,000 ብር ከፍ አደረገው። ድንጋጌው በአንቀጽ 57 ይገኛል፤ ገቢው የሚመደበውም በሠንጠረዥ «መ» ነው። በዚህ ሠንጠረዥ እንደ አክሲዮን ትርፍ ድርሻ፣ እንደ ተቀማጭ ገንዘብ ወለድ ያሉ ገቢዎች አሉ። የጋራ ጠባያቸው አንድ ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ መጣኔ፣ ከሌላ ገቢ ጋር ሳይደመር፣ አብዛኛውን ጊዜም በከፋዩ እጅ ተቀንሶ ያልቃል።

ስለዚህ ሎተሪ የደረሰው ሰው ዓመቱ ሲያልቅ ገቢውን የሚያሳውቅበት ቅጽ የለውም። ታክሱን ቀንሶ የማስቀረትና ለታክስ ባለሥልጣኑ ገቢ የማድረግ ግዴታ የከፋዩ፣ ማለትም የሎተሪ ድርጅቱ ወይም የውርርድ ቤቱ ነው። ከፋዩ ሳይቀንስ ቢቀር ዕዳው በራሱ ላይ ይወድቃል። ለአስተዳደር ምቹ ነው፤ ፍትሐዊነቱ ግን ያከራክራል። በ2015 ዓ.ም. በወር 12,000 ብር ይከፈለው የነበረ መምህር ከ10,900 ብር በላይ ባለችው ደመወዙ ላይ 35 በመቶ ይከፍል ነበር። የእንቁጣጣሽ ሎተሪ ሚሊዮኖችን ያስታቀፈችው ሰው የሚከፍለው 15 በመቶ ብቻ ነበር። እዚህ የተቀመጣችሁት መምህራን ማጉረምረማችሁ ይገባኛል።

ይሁን እንጂ ባለሚሊዮኑ ብርቅ ነው። የዛሬው ጉዳይ የትንንሾቹ ነው፤ በሕጉ አጻጻፍ ውስጥ ያለው ችግርም የሚታየው በእነርሱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ወለሉ ነው። አዋጁ ነጻ ያደረገው ከ1,000 ብር በታች የሆነውን እንጂ የመጀመሪያውን 1,000 ብር አይደለም። ስለዚህ 999 ብር የደረሰው 999 ብሩን ይዞ ይሄዳል፤ 1,000 ብር የደረሰው 150 ብር ተቀንሶበት 850 ይዞ ይሄዳል። 1,175 ብር የደረሰው እንኳ የሚቀረው 998 ብር ከ75 ሳንቲም ነው። ከ1,000 እስከ 1,175 ብር ባለው መካከል የወደቀ ሁሉ ከእርሱ ያነሰ ከደረሰው ሰው አንሶ ይወጣል። በደመወዝ ታክስ ይህ አይሆንም፤ እዚያ ከፍ ያለው መጣኔ የሚያርፈው ከመስመሩ በላይ ባለችው ላይ ብቻ ነው። መፍትሔውም ያው ነው፤ ከ1,000 ብር በላይ ያለችውን ብቻ መታከስ። ያኔ 1,175 ብር የደረሰው 26 ብር ከ25 ሳንቲም ከፍሎ ይሄዳል። አንድ ዐረፍተ ነገር ማሻሻል ነው የሚጠይቀው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። አዋጁ ታክሱ የሚሰላው በጠቅላላው የደረሰ ገንዘብ ላይ ነው ይላል። በሎተሪ ትኬት ይህ አያስቸግርም፤ የትኬቱ ዋጋ ከሽልማቱ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። በስፖርት ውርርድ ግን ተወራራጁ ያስያዘው ገንዘብ ከሚከፈለው ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። አንድ ወጣት 600 ብር አስይዞ በሁለት እጥፍ ቢያሸንፍ 1,200 ብር ይከፈለዋል። የደረሰው 1,200 ነው ካልን ታክሱ 180 ብር ሲሆን፣ እውነተኛ ትርፉ 600 በመሆኑ የከፈለው የትርፉን 30 በመቶ ነው። የደረሰው 600 ብቻ ነው ካልን ደግሞ ከወለሉ በታች ስለሆነ ምንም አይከፍልም። በአንድ ቃል ትርጓሜ 180 ብር ይመጣል ወይም ይቀራል።

የባሰም አለ። «እርግጠኛ» ነው በተባለ ጨዋታ 2,000 ብር አስይዞ በ1.10 ያሸነፈ ሰው 2,200 ብር ይከፈለዋል። በመጀመሪያው ትርጓሜ ታክሱ 330 ብር ነው፤ በእጁ የሚገባው 1,870። አሸንፎ 130 ብር ከሠረ ማለት ነው! ክፍያው ከ1,000 ብር የሚበልጥ ከሆነ ከ1.17 በማይበልጥ ማባዣ የተደረገ ውርርድ ሁሉ በዚህ ትርጓሜ ኪሳራ ነው፤ ጨዋታው ቢሰምርም።

ይህ ክርክር በእኛ አልተጀመረም። ጎረቤታችን ኬንያ በአሸናፊዎች ላይ 20 በመቶ ጥላ፣ የገቢዎች ባለሥልጣኗና የውርርድ ኩባንያዎቿ ያስያዘው ገንዘብ ይታከስ አይታከስ በሚለው ተካሰዋል። ውዝግቡ በተጋጋለበት በ2019 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ትልቁ አወራራጅ ስፖርትፔሳ ሥራውን አቁሞ ነበር። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው የገዛ ገንዘቡ ሲመለስለት «ደረሰው» አይባልም። «ጠቅላላ» የሚለው ቃል በሌላ ጊዜ የተበላው ገንዘብ አይቀነስም ማለቱ ነው እንጂ፣ በአሸነፈው ትኬት ላይ የነበረውን መያዣ ገቢ ያደርገዋል ማለት አይመስለኝም። ተቃራኒውን የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ክርክራቸው ለቁጥጥር የሚቀለው የተከፈለው ገንዘብ ነው የሚል ነው። ቀላልነቱን አልክድም።

በሌላ ጊዜ የተበላው ገንዘብ ነገር ሦስተኛው ነው። በወሩ ሠላሳ ጊዜ መቶ መቶ ብር ያስያዘ ወጣት ያወጣው 3,000 ብር ነው። አንድ ጊዜ 2,000 ብር ቢደርሰው በወሩ የሺህ ብር ኪሳራ አለበት፤ ሆኖም 300 ብር ታክስ ይቀነስበታል። በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ሁኔታ ይለያል፤ እዚያ የዕድል ገቢ ከሌላው ገቢ ጋር ተደምሮ በዓመታዊ መግለጫ ይታወቃል፤ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ዝርዝር ወጪዎቹን የሚያስመዘግብ ሰው የተበላውን በመዝገብ ካረጋገጠ እስከ አሸነፈው መጠን ድረስ ማቀናነስ ይችል ነበር። ትልልቅ ሽልማቶች ላይ አስቀድሞ 24 በመቶ ይያዛል፤ ያ ግን ቅድሚያ ክፍያ እንጂ የመጨረሻ አይደለም። ብሪታንያ ደግሞ በ2001 እ.ኤ.አ. በተወራራጁ ላይ ያርፍ የነበረውን ቀረጥ አንሥታ በአወራራጁ ጠቅላላ ትርፍ ላይ ጣለችው። እኔ ወደዚህ አዘነብላለሁ። ሁልጊዜ የሚያተርፈው ቤቱ ነው፤ መዝገብ ያለውም እርሱ ነው።

ከአድማጮች መካከል አንድ አባት «ይህ 15 በመቶ ለወረዳችን ይደርሳልን?» ሲሉ ጠይቀዋል። አይደርስም፤ ቢያንስ በቀጥታ አይደርስም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 96 ንዑስ አንቀጽ 4 የብሔራዊ ሎተሪና የሌሎች የዕድል ሙከራዎችን ገቢ የመታከስ ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። የመንዝ ገበሬ ከገብሱና ከበጉ የሚከፍለው ግብር ለክልሉ ነው፤ የልጁ ውርርድ ታክስ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ተመልሶ የሚመጣው በድጎማ ቀመር ውስጥ ተቀላቅሎ ነው። ውርርድ ቤት በአንድ ከተማ ሲከፈት የሚመጣውን ጣጣ፣ ማለትም የጠፋውን የትምህርት ጊዜና የተሸጠውን በግ የሚሸከመው ያ ከተማ ነው።

ሌላ ጠያቂ ሽልማቱ መኪና ቢሆንስ ብለዋል። በዓይነት የተገኘ ገቢ በገበያ ዋጋው ይተመናል። ሁለት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና 300,000 ብር ታክስ ያስከትላል። ከፋዩ ከመኪናው ላይ ጎማ ፈትቶ ሊያስቀር አይችልም፤ ስለዚህ ወይ አዘጋጁ ታክሱን ራሱ ይሸፍናል፣ ወይ አሸናፊው ከፍሎ ካላመጣ ቁልፉን አያስረክብም። የትኛው እንደሆነ በጨዋታው ደንብ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ትኬት ስትገዙ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ።

በመጨረሻ የቀረበው የተማሪዎች ጥያቄ ስለ ማስረጃ ነበር። የሚያሳውቁት ቅጽ የለም ማለት ወረቀት አያስፈልግም ማለት አይደለም። ነጋዴ የሆነ ሰው በሎተሪ ገንዘብ ቤት ቢሠራና የታክስ ባለሥልጣኑ የሀብቱ ዕድገት ከመዝገቡ ጋር አይጣጣምም ብሎ በግምት ቢያሰላበት፣ ምንጩን የማስረዳት ሸክም በእርሱ ላይ ነው። የመንግሥት ተሿሚ ወይም ሀብት የማስመዝገብ ግዴታ ያለበት ሠራተኛም በአዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት ያስመዘግበዋል። ስለዚህ ገንዘቡን ስትቀበሉ ታክሱ የተቀነሰበትን ደረሰኝ ጠይቁ፤ በደረሰኙ ላይ የከፋዩ ስምና የታክስ ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የናንተ ሙሉ ስም፣ ጠቅላላው የደረሳችሁ ገንዘብ፣ የተቀነሰው ታክስና ቀኑ መኖራቸውን ከመስኮቱ ሳትርቁ አረጋግጡ።