የአዊኛ ጥናት በዩኒቨርሲቲ፤ ከአርመንኛ ጥናት የሚገኝ ትምህርት

አንድ ሕዝብ ቋንቋውንና ታሪኩን የሚያጠና ክፍል በዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋምለት ሲጠይቅ፣ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው የክብር ጥያቄ ሆኖ ነው። ክብሩ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የጥናት ክፍል በክብር ብቻ ሊቆም አይችልም፤ የሚነበብ መጽሐፍ፣ የሚያስተምር መምህር፣ ተምሮ የወጣውም ሰው የሚሠራበት ቦታ ያስፈልገዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ፣ ከባንጃ እስከ ቻግኒ የሚነገረውን አዊኛ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ለማጥናት የትኛው ሥራ መቅደም እንዳለበት ነው።

ለማነጻጸሪያ የመረጥነው የአርመንኛን ጥናት ነው። የመረጥንበት ምክንያት፣ አርመኖች ቁጥራቸው አነስተኛ ሆኖ ሳለ ቋንቋቸው በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ወንበር ያገኘ ሕዝብ በመሆናቸው ነው። ለእኛም ለኢትዮጵያውያን እንግዶች አይደሉም። እቴጌ እሌኒ ወደ ፖርቱጋል የላኩት መልእክተኛ ማቴዎስ አርመናዊ ነበር። በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡትን አርባ ልጆች ሙዚቃ ያስተማረው፣ በ1930 በንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል የተሰማውንም መዝሙር ዜማ ያዘጋጀው ኬቮርክ ናልባንዲያን አርመናዊ ነበር። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የአርመንኛ ጥናት በምን ቅደም ተከተል ቆመ?

የአርመንኛን ፊደል መስሮፕ ማሽቶትስ የተባለው መነኵሴ በ405 ገደማ አዘጋጀ። ከዚያ በኋላ በየገዳሙ ብዙ መጽሐፍ ተጻፈ። በ1512 የመጀመሪያው የአርመንኛ መጽሐፍ በቬኒስ ከተማ ታተመ። በ1717 አባ ምኪታር የተባለ መነኵሴ ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ቬኒስ አጠገብ በምትገኘው በቅዱስ አልዓዛር ደሴት ተቀመጠ። የእርሱ ማኅበር መነኮሳት የጥንቱን መጻሕፍት ከያሉበት ሰበሰቡ፤ እያመሳከሩም አሳተሙ። በ1836 እና በ1837 ደግሞ በሁለት ታላላቅ ጥራዞች የተከፈለ መዝገበ ቃላት አወጡ። ይህ መዝገበ ቃላት እስከ ዛሬ ድረስ የጥንቱን አርመንኛ የሚያጠና ሁሉ የሚገልጠው መጽሐፍ ነው።

ከዚህ በኋላ የቋንቋ ሊቃውንት ሥራ ተከተለ። ሃይንሪኽ ሁብሽማን የተባለው ጀርመናዊ በ1875፣ አርመንኛ ብዙዎች ያስቡት እንደ ነበረው የፋርስኛ ቅርንጫፍ ሳይሆን በኢንዶ አውሮፓ ቋንቋዎች መካከል ራሱን የቻለ ዘርፍ መሆኑን አስረዳ። ሊያስረዳ የቻለው መዝገበ ቃላቱና የታተሙት መጻሕፍት በፊቱ ስለ ነበሩ ነው።

በአሜሪካ የሆነውም ሊታሰብ ይገባዋል። በ1955 በስደት የሚኖሩ አርመኖችና ጥቂት መምህራን ተባብረው የአርመን ጥናትና ምርምር ብሔራዊ ማኅበር የተባለውን አቋቋሙ። ማኅበሩ ከነጋዴውም ከሠራተኛውም ገንዘብ እየሰበሰበ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለአርመን ጥናት ቋሚ ወንበር የሚሆን መዋጮ አዘጋጀ። በ1969 ሮበርት ቶምሰን በመስሮፕ ማሽቶትስ ስም በተሰየመው ወንበር ተቀመጠ። በራስዋ በአርመንያም ከ1959 ጀምሮ ማቴናዳራን የተባለው የብራና መጻሕፍት ቤት የምርምር ተቋም ሆኖ ይሠራል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ጽሑፍ ተሰበሰበ፤ ቀጥሎ መዝገበ ቃላት ተዘጋጀ፤ ከዚያ የሰዋስውና የታሪክ ምርመራ ተደረገ፤ ቋሚው ወንበር የተተከለው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። ከዚህ የምንወስደው የዘመኑን ርዝመት አይደለም። አርመኖች በብዙ መቶ ዓመታት የሠሩትን በዛሬው መሣሪያ በአጭር ጊዜ መሥራት ይቻላል። ቅደም ተከተሉን መዝለል ግን አይቻልም።

2. ስለ አዊኛ እስከ አሁን ምን ተጽፏል?

አዊኛ የአገው ቋንቋዎች ወገን ሲሆን፣ የአገው ቋንቋዎችም ከኩሽ ቋንቋዎች ማዕከላዊውን ክፍል ይይዛሉ። እኅቶቹ በከረን አካባቢ የሚነገረው ብሊን፣ በሰቆጣና በአካባቢው የሚነገረው ኽምጣንጋ፣ በጎንደር አካባቢ ሊጠፋ የተቃረበው ቅማንትኛ ናቸው። የአገው ስም በጽሑፍ የቆየ ነው፤ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት ስለ አክሱም ሲጽፍ የአገውን ገዥ ያነሣል። የዛግዌ ነገሥታትም ከአገው ወገን መሆናቸው የታወቀ ነው።

ስለ ቋንቋው ግን የተጻፈው በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች በውጭ አገር ቋንቋ የጻፉት ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ በሄደበት ዘመን መኃልየ መኃልይን ወደ ልዩ ልዩ ያገራችን ቋንቋዎች አስተርጉሞ ነበር፤ አገውኛም ከእነዚህ አንዱ ነው። በ1868 ሚሲዮናዊው ቴዎፊሎስ ቫልድማየር የአገውኛ ቃላት ስብስብ አሳተመ። በ1905 ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ስለ ዳንግላ አዊኛ ያዘጋጀውን ማስታወሻ በአንድ የጣሊያን የምሥራቅ ጥናት መጽሔት አወጣ። እንግሊዛዊው ፍራንክ ፓልመር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ስለ ግሡ ጽፏል። ሮበርት ሄትዝሮን በ1969፣ ማለት የሃርቫርዱ የአርመንኛ ወንበር ባለቤት ባገኘበት በዚያው ዓመት፣ ስለ ደቡብ አገውኛ የግሥ ሥርዐት አንድ ሙሉ መጽሐፍ በካሊፎርኒያ አሳተመ። ዴቪድ አፕልያርድ በ2006 የአገው ቋንቋዎችን የሚያነጻጽር መዝገበ ቃላት፣ አንድሬያስ ዮስዊግ በ2010 ስለ አዊኛ ድምፆች የሚናገር ጥናት አውጥተዋል። በታሪክ ረገድ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1988 ያሳተሙት፣ አገው ከሌላው ሕዝብ ጋር የተገናኘበትንና የተዋሐደበትን ሂደት የሚመረምረው ጽሑፍ መሠረታዊ ነው። ስለ አገሩ አቀማመጥ ደግሞ ከ1925 ጀምሮ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በዳንግላ የተቀመጠው ሜጀር ቺዝማን በ1936 ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ ያሳተመው መጽሐፍ ይገኛል።

ይህ ዝርዝር የሚያሳየን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጥናቱ ከባዶ አይጀመርም፤ የአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ሥራ አለ። ሁለተኛ፣ ይህ ሁሉ በጀርመንኛ፣ በጣሊያንኛና በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፈ፣ የዳንግላ ልጅ የራሱን አያቶች ንግግር የሚያነበው በሌላ ሰው ቋንቋ ነው። ጽሑፎቹን በአንድ ቤተ መጻሕፍት መሰብሰብና ዋና ዋናዎቹን ወደ አማርኛና ወደ አዊኛ መመለስ የመጀመሪያው ሥራ መሆን ይገባዋል።

3. ቋንቋው ራሱ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች

አዊኛ ለተመራማሪ ምን ይሰጣል ቢባል፣ ጥቂት ምሳሌ እናቅርብ።

የመጀመሪያው ከቋንቋው ስም ይጀምራል። ባለቤቶቹ ቋንቋቸውን አውጚ ይሉታል። በዚህ ስም ውስጥ ያለው፣ በአፍንጫ በኩል የሚወጣው ድምፅ በአማርኛ ፊደል ምልክት የለውም፤ ስለዚህ ከ«ገ» የተገኘው የ«ጘ» ረድፍ ያገለግለዋል። ስሙን እንኳ በትክክል ለመጻፍ ተጨማሪ ፊደል ያስፈለገው ቋንቋ፣ የአጻጻፍ ሥርዐቱን የሚከታተልለት የተማረ ሰው ይፈልጋል።

ሁለተኛው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ነው። በአዊኛ የድምፁ መውጣትና መውረድ ትርጕም ይለያል፤ ፊደሉ ግን ይህን አያሳይም። ፓልመርና ሄትዝሮን ሦስት ደረጃዎች አሉ ሲሉ፣ ዮስዊግ ሁለት ብቻ ናቸው ይላል። ክርክሩን ለመመርመር በቋንቋው ያደገ ጆሮና በትምህርት የሠለጠነ አእምሮ በአንድ ሰው ላይ ቢገናኙ እጅግ ይረዳል። እንዲህ ያለውን ሰው ማፍራት የሚችለው በሕዝቡ መካከል የቆመ የጥናት ክፍል ነው።

ሦስተኛው ለአማርኛም ጭምር የሚጠቅም ነው። በግእዝ ግሥ በአብዛኛው ከባለቤትና ከተሳቢ ይቀድማል፤ በአማርኛ ግን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይመጣል፤ በአገው ቋንቋዎችም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሊቃውንት ይህን ከኩሽ ቋንቋዎች፣ ይልቁንም ከአገውኛ፣ የመጣ ጠባይ ነው ይሉታል። እንዲሁም በአዊኛ የአብዛኛው ግሥ ባለቤት በመጨረሻው ሲታወቅ፣ ጥቂት ግሦች ግን እንደ አማርኛው «ይመጣል፣ ትመጣለች» ባለቤቱን በመነሻቸው ያሳያሉ። የኩሽንና የሴምን ቋንቋዎች ጥንታዊ ዝምድና የሚመረምሩ ሰዎች ለእነዚህ ጥቂት ግሦች ትልቅ ግምት የሚሰጡት ስለዚህ ነው። እንግዲህ አዊኛን ያላጠና የአማርኛን ታሪክ በሙሉ አወቅሁ ሊል አይችልም።

4. ጥናቱ ለምን ሊዘገይ አይገባውም?

በ2007 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በዞኑ ውስጥ ወደ 980,000 የሚጠጋ ሕዝብ አግኝቷል። ከ10 ሰዎች 6 ያህሉ አዊ ነን ሲሉ፣ አዊኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ነው ያሉት ግን ከ10 ሰዎች 5 አይሞሉም። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት፣ ቋንቋውን ከወላጆቹ ያልተረከበው ሰው ነው።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ አዊኛ በዞኑ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ አገልግሏል፤ በክልሉ መገናኛ ብዙኃንም ይሰማል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ሕፃኑ በታችኛው ክፍል የጀመረውን ከፍ ባለው ደረጃ ካላገኘው፣ ወላጁም ልጁም ቋንቋው ለትንሽ ልጅ ብቻ የሚሆን ነው ብለው ያስባሉ። ቅማንትኛ የደረሰበትን ያየ ሰው ነገሩን አቃልሎ አይመለከተውም። አንድ ቋንቋ ከአዛውንት አፍ ብቻ ሲሰማ፣ የሚቀረው ጊዜ በአዛውንቱ ዕድሜ ይለካል።

5. ከየት ይጀመር?

በ2010 ዓ.ም. ተማሪዎች መቀበል የጀመረው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የቆመው በዚሁ ሕዝብ መካከል ነው። በዚያ የሚካሄደው ጥናት ሥር እንዲሰድ፣ ከላይ ባየነው ቅደም ተከተል መሠረት የሚከተሉትን እናሳስባለን።

ሀ. የድምፅና የጽሑፍ መዝገብ። ተረቱ፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩ፣ የሽምግልናው ንግግር፣ የሠርግና የለቅሶ ግጥሙ በድምፅ ተቀርጾ፣ ተናጋሪው፣ ቀኑና ቀበሌው ተመዝግቦ ይቀመጥ። ለዚህ ሥራ ከተማሪ የተሻለ ሰው የለም። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበረው የተማሪዎች የሕዝቦች ባህል ጥናት ማኅበር ይህንኑ አድርጓል፤ ተማሪዎች ስለ ትውልድ አገራቸው ልማድ የጻፉትን በመጽሔቱ አወጣ። በ1963 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መንገድ ከጠረጉት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ለ. መዝገበ ቃላት። ቃላቱ በየሙያው ቢሰበሰቡ ይሻላል። ለምሳሌ የፈረስን ነገር እንውሰድ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። የፈረሱ መልክ፣ አረማመዱ፣ ዕቃው፣ አገራረፉ ሁሉ ስም አለው። እንደዚሁም የእንጅባራ ቀርከሃ ሠሪ ለቀርከሃው ዕድሜና ለአሰነጣጠቁ፣ ገበሬው ለመሬቱ ዐይነት የየራሱ ቃል አለው። እነዚህ ቃላት ከሙያው ጋር ስለሚጠፉ ቀድመው መመዝገብ አለባቸው።

ሐ. ሰፋ ያለ ክልል። አዊኛ በመተከልም ይነገራል፤ ከጣና በስተ ምዕራብ የሚኖሩት የኩንፋል ሰዎች ንግግርም የእርሱ ዘርፍ ነው። ስለዚህ ጥናቱ በዞኑ ወሰን ሳይታጠር፣ ከብሊን፣ ከኽምጣንጋና ከቅማንትኛ ጥናት ጋር ቢተባበር «የአገው ጥናት» ለመባል ይበቃል።

መ. መምህርና ሥራ። ተመራቂው በትምህርት ቤት፣ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት፣ በሬዲዮ፣ በጤና ትምህርትና በመጽሐፍ ዝግጅት እንዲቀጠር ከመሥሪያ ቤቶች ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ሥራ የማያስገኝ ክፍል በጥቂት ዓመት ተማሪ ያጣል።

ሠ. ገንዘብ። የመንግሥት በጀት ይጨምራል ይቀንሳልም። አርመኖች ያስተማሩን፣ ባለቤቱ ሕዝብ የራሱን ድርሻ ሲያዋጣ ጥናቱ ቋሚ እንደሚሆን ነው። የፈረሰኞቹን ማኅበር ከሰማንያ ዓመት በላይ ያቆየ ሕዝብ ለመዝገበ ቃላት መዋጮ ማደራጀት አያቅተውም።

6. ስለ አንድ ተቃውሞ

አንዳንድ ሰዎች፣ «አማርኛ ሁሉን ያግባባል፤ አዊኛን በዩኒቨርሲቲ ማጥናት ሰውን መለያየት ነው» ይላሉ። ለዚህ ተቃውሞ ቋንቋዎቹ ራሳቸው መልስ ይሰጣሉ። ከላይ እንደ ተመለከትነው አማርኛ በዐረፍተ ነገሩ አሠራር ለአገውኛ ባለ ዕዳ ነው፤ የፕሮፌሰር ታደሰ ጥናትም የሚያስረዳው የሁለቱን ሕዝቦች ለብዙ ዘመን መቀላቀል ነው። ስለዚህ አዊኛን የሚያጠና ሰው የሁለቱን ቋንቋዎች ዝምድና ያገኛል፤ የመለያየትንም ክርክር በማስረጃ ለመመዘን ይችላል። ደግሞም አንድ ገበሬ በፍርድ ቤት የሚባለውን በደንብ እንዲሰማ፣ አንዲት እናት የሐኪሙን ምክር እንድትረዳ ማድረግ ማንንም አይጎዳም።

በመጨረሻ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች የምንለው ይህ ነው። የወንበሩና የበጀቱ ነገር በአስተዳዳሪዎች እጅ ነው፤ መሰብሰቡ ግን በእኛ እጅ ነው። ከአዊ አገር የመጣ ተማሪ በመጪው ክረምት ወደ ቤቱ ሲመለስ ከአያቱ አንድ ተረት ቀርጾ፣ ሃምሳ ቃላት ከነትርጕማቸው ጽፎ ቢያመጣ፣ ለመዝገቡ የመጀመሪያውን ገጽ ሰጠ ማለት ነው። መምህራኖቻችንም የሚመጣውን ጽሑፍ አርመውና አመሳክረው የሚያስቀምጡበት አንድ መደርደሪያ ቢያዘጋጁልን፣ ሥራው ለመጀመር ሌላ ፈቃድ አይጠብቅም።