ለንደን የደረሰው እንሰት እና የቆሼ ግቢ

በምጽዋ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1853 ለንደን ወዳለው የኪው የእጽዋት ማዕከል ጥቂት ፍሬ ላከ። የተክሉን የአገር ስምም ጨምሮ ጻፈላቸው፤ እንሰት። የኪው ሰዎች ፍሬውን አላወቁትም። ሙቀት ባለው ቤት ዘርተውት ሲበቅል ነው የሙዝ ዘመድ መሆኑ የገባቸው። ፕላውደን፣ የአፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ፣ በ1860 ጎንደር አቅራቢያ ተገደለ። እንሰቱ ግን በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በለንደኑ ባተርሲ ፓርክ የአበባ መደብ መሐል ቆሞ ጎብኚ ያስደንቅ ጀመር። ለቅጠሉ ግርማ ብቻ! ቆጮ ትዝ ያለው አልነበረም።

ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡበት ዘመን (1837–1901) የአትክልት ፋሽን ዘመን ነው። ኤድዊን በዲንግ በ1830 የሣር ማጨጃ መሣሪያ ሠርቷል፤ በ1845 የመስታወት ቀረጥ ሲነሣ ደግሞ ችግኝ የሚፈላበት የመስታወት ቤት ርካሽ ሆነ። ስለዚህ ከሞቃት አገር የመጣ ተክል በመስታወት ቤት ይከርማል፤ በበጋቸው ወጥቶ በሣር ላይ በተቆረጡ ክብና ሞላላ መደቦች ይተከላል። መሐሉ ረጅም፣ ዙሪያው አጠር ያለ፣ ጠርዙ ድንክ፤ ወቅቱ ሲያልፍ ሁሉም ተነቅሎ ሌላ ይተካል። ብዙ ሠራተኛ የሚበላ ሥራ ነበር፤ ዊልያም ሮቢንሰን የተባለው ጸሐፊም ክፉኛ ተችቶታል።

የማረቆ ከተማ በሆነችው ቆሼ ይህን የመደብ አተካከል ማምጣት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የማረቆ በርበሬ አምራች ችግኙን በመደብ አፍልቶ፣ ጥላ አበጅቶለት፣ ዝናብ ሲገባ ያዛውራል። የለንደኑ አትክልተኛ ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነው። የጎደለን ቅርጹ ብቻ ነው።

ቅርጹ ከባድ አይደለም። ከሳሎኑ መስኮት ፊት ለፊት ካስማ ትከልና አንድ ሜትር ገመድ አስረህ ዙር፤ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይወጣል። አፈሩን መሐሉ ላይ ከፍ አድርገህ ወደ ጠርዝ አዘቅዝቀው፤ ከኋላ ያለው ተክል በፊተኛው እንዳይጋረድ። መሐል አንድ እንሰት፣ ቀጥሎ ቀይ ሲሆን የሚያምር በርበሬ፣ ጠርዙን ጤና አዳም ወይም በየጊዜው የሚከረከም የጥብስ ቅጠል። መሄጃው ላይ ቀይ አሽ አፍስስ፤ ክረምት ጭቃ አያስነካህም።

ሣሩን ግን እኔ አልመክርም። በጉራጌ ጀፎሮ፣ ማለትም በመንደሩ ሰፊ የጋራ ጎዳና ላይ የሚያምረው ሣር በዝናብ የሚበቅል፣ ከብት የሚግጠው፣ መንደሩ በደንብ የሚጠብቀው የጋራ ሀብት ነው። በጠባብ ግቢ ውስጥ በቧንቧ ውሃ በጋውን ሙሉ ሣር ማጠጣት ኪስን ማራቆት ነው። ለእንሰቱም ቢሆን የሚስማማው ከቆሼ በላይ ያለው ደጋ ስለሆነ፣ ፍግ አብላው፤ በደረቁ ወራት የዕቃ ማጠቢያ ውሃ አትንፈገው። ነፋስ ቅጠሉን እንዳይተለትለውም መደቡ ከአጥር ከለላ አጠገብ ይሁን።

እንሰት አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል፤ እንደ ሙዝ በራሱ ቡቃያ አያወጣም። ስለዚህ ሌላ ችግኝ አስቀድመህ አሳድግ። የአበባው ግንድ ብቅ ማለት ሲጀምር የደጋ ዘመድ ካለህ ጥራ፤ ተፍቆ ቆጮ ይሆናል፣ መደቡም ለአዲሱ ይለቀቃል።