ትልቅ ቸርኬ ላይ ያለ መኪና ለምን ያንገጫግጫል?

የሰሊጥ ዋጋ ማታ እመለስበታለሁ። አሁን ስለ ጎማ፤ ጎንደር መተማ የምትመላለሱ ብዙ ናችሁና።

የኔ ሃይሉክስ ስገዛው ባለ 20 ቸርኬ ነበር። ያምራል፣ ግን ወገቤን ጨረሰው። ጎማው 265/50 አር 20 ነው። 265 ስፋቱ በሚሊሜትር ነው፤ 50 ደግሞ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 50 በመቶ ነው ማለት ነው፣ 132 ሚሊሜትር ገደማ። ቸርኬው ሲተልቅ ጎኑ ያጥራል፣ ጉድጓዱን የሚውጥ ንፋስ ያንሳል።

ሲያልቅብኝ ሻጩ «ባለ 10 ፕላይ ውሰድ፣ ጠንካራ ነው» አለኝ። አልዋሸም። ሁሌ ለሚጭን ሰው ይሆናል፤ እኔ ግን ናሙና ይዤ ነው የምዞረው፣ ባዶ መኪና ላይ ድንጋይ ሆነብኝ!

በመጨረሻ ቸርኬውን ቀይሬ 265/65 አር 17 ገጠምኩ። ጎኑ 172 ሚሊሜትር ሆነ። የጎማው ጠቅላላ ቁመት የተለየው በ3 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ የፍጥነት ቆጣሪው አይዛባም። እናንተ ግን ትንሹ ቸርኬ ፍሬኑን እንዳይነካ አስለኩ።

ለምቾት ብላችሁ የጭነት ቁጥሩን አታውርዱ። 112 ማለት ለአንድ ጎማ 1,120 ኪሎ ነው፤ መኪናው ከሚጠይቀው በታች አትግዙ። ንፋስ ቀንሶ ማለስለስም አይሆንም፤ በመተማ ሙቀት፣ ጭነት ተጨምሮበት፣ ጎማው ግሎ ይፈነዳል። ንፋሱን ጠዋት ሳትነዱ አስለኩ።

«አዲስ ነው» ሲሏችሁ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዩ። 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው፤ ዋጋውን በዚያ ተከራከሩ።