ብርሃንን እንደ ከሰል ማስቀመጥ፦ በጊቫት ራም ምን እየተሠራ ነው?

ከነቢያት መንገድ ታጥፋችሁ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ስትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ነው። ሕንፃው በአፄ ዮሐንስ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመ። ከፊት ለፊቱ ዕብራይስጥ እንደገና የዕለት መነጋገሪያ እንዲሆን የደከሙት ኤሊዔዘር ቤን ዬሁዳ ይኖሩበት የነበረው ቤት አለ። በኡልፓን ግሡ ሲያስቸግራችሁ የምታማርሩት እሳቸውን ነው ማለት ነው። ዛሬ ግን ቀና ብላችሁ የከተማዋን ጣራዎች እንድትመለከቱ እንፈልጋለን።

በኢየሩሳሌም ጣራዎች ላይ በብዛት የሚታዩት በርሜሎችና ጥቋቁር ሰሌዳዎች «ዱድ ሼሜሽ» ይባላሉ። የፀሐይን ሙቀት ተቀብለው የመታጠቢያ ውኃችሁን ያሞቃሉ። በ1980 በአዳዲስ የመኖሪያ ቤቶች ላይ እንዲተከሉ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ሙቀቱን አጥብቆ የሚይዘውን ጥቁር ቅብ በ1950ዎቹ የሠሩት ጽቪ ታቦር የተባሉ የኢየሩሳሌም ሳይንቲስት ናቸው።

ዱድ ሼሜሽ ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ ሙቀት አይቀመጥም። በክረምት ሁለት ሦስት ቀን ደመና ሲሆን ውኃው ይበርዳል፣ እናንተም የኤሌክትሪኩን ማብሪያ ትጫናላችሁ፣ ሂሳቡም ይመጣል።

ለመሆኑ የፀሐይን ብርሃን ሳይበርድ ማስቀመጥ ይቻላል? ይቻላል። አባቶቻችን ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የዛፍ ቅጠል ብርሃንን ተቀብሎ፣ ከውኃና ከአየር ጋር አዋሕዶ እንጨት ያደርገዋል። እንጨቱ ከሰል ይሆናል። በወለቃም ሆነ በሌሎች የጎንደር መንደሮች የቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ ወናፉን እየነፋ ብረት ያቀለጠበትና ማረሻ የሠራበት እሳት፣ ከብዙ ዓመታት በፊት ቅጠል ላይ ያረፈ ፀሐይ ነበር። ከሰል በጆንያ ዓመት ቢቀመጥ አይበርድም። ሳይንቲስቶች «ኬሚካላዊ ኃይል» የሚሉት ይህንን ነው። ማረሻውን እየገዛ ቀጥቃጩን «ቡዳ» ይል የነበረው ጎረቤት ግን ይህንን አላወቀም።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ዛፉ ሳያስፈልግ ሰው ራሱ ይህን ሥራ መሥራት ይችላል ወይ የሚል ነው። በ1972 ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ሁለት የጃፓን ሳይንቲስቶች ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን ውኃ ውስጥ አድርገው ብርሃን ሲያበሩበት ውኃው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እንደሚከፈል አሳወቁ። ሃይድሮጅን የሚነድ ጋዝ ነው፤ ሲነድ ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ችግሩ፣ ያ ንጥረ ነገር የሚሠራው ዓይን በማያየው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ከፀሐይ ኃይል 5 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። በዓይናችን የምናየው ብዙው ብርሃን ሳይሠራበት ይቀራል።

እዚህ ላይ ኢየሩሳሌም ትገባለች። ከከተማው መሐል በስተምዕራብ፣ በጊቫት ራም በሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ ፕሮፌሰር ኡሪ ባኒንና ተማሪዎቻቸው ካድሚየም ሴሌናይድ ከተባለ ንጥረ ነገር እጅግ ጥቃቅን ዘንጎች ይሠራሉ። ርዝመታቸው በአሥር ቤት በሚቆጠር ናኖሜትር ነው፤ የአንድ ጠጉር ውፍረት ግን ከ50 ሺህ ናኖሜትር በላይ ነው። በ2004 በእነዚህ ዘንጎች ጫፍና ጫፍ ላይ የወርቅ ጠብታ ማብቀል እንደቻሉ ገለጹ።

ወርቁ ለጌጥ አይደለም። የሚታይ ብርሃን ዘንጉን ሲመታ አንድ ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሣል። ሌላ ነገር ካልያዘው ወዲያው ተመልሶ ይወድቃል፣ ብርሃኑም በከንቱ ይቀራል። ወርቁ ግን ኤሌክትሮኑን ስቦ ይይዘዋል። በ2008 ይህንኑ በሰማያዊ ቀለም ፈተኑት፤ ቀለሙ ከወርቁ ላይ ኤሌክትሮን ሲቀበል ሰማያዊነቱን አጣ። የሚገርመው፣ ቅንጣቶቹን መጀመሪያ በብርሃን ካስመቱ በኋላ ቀለሙን በጨለማ ሲጨምሩትም ሥራው ተሠራ። ብርሃኑ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለው፣ ብርሃን ተቀብሎ ራሱ ሳያልቅ ሥራውን የሚያፋጥን ነገር ፎቶካታሊስት ይባላል።

በ2016 ደግሞ በሐይፋ ቴክኒዮን የፕሮፌሰር ሊላክ አሚራቭ ቡድን፣ ጫፉ ፕላቲነም በሆነ ተመሳሳይ ዘንግ፣ የተዋጠውን ብርሃን አንድም ሳይባክን ወደ ሃይድሮጅን መለወጥ እንደቻለ ገለጸ። ይህ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ከውኃ ኦክስጅንን ማውጣት የሚከብደው ግማሽ ስለሆነ፣ በእሱ ፈንታ አልኮል እየተጨመረ ነው የተሠራው። ከዚህም ሌላ ካድሚየም መርዝ ነው። ስለዚህ ነገ ጣራችሁ ላይ ይተከላል ብላችሁ አትጠብቁ።

ይህን ሁሉ የምንነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ቀሪውን ግማሽ የሚሠሩት ዛሬ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ናቸው፣ ወደዚያ ቤተ ሙከራ የሚያስገባው በር ደግሞ የሚከፈተው ወይም የሚዘጋው ገና በጠዋቱ ነው። ለባግሩት ሒሳብ በ3፣ በ4 ወይም በ5 «ዬሂዶት» ይሰጣል። የዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ክፍሎች የሒሳብን ውጤት አጥብቀው ያያሉ። ያመለጠውን በኋላ በመሰናዶ ትምህርት፣ በ«መኺና» (ተሽከርካሪውን ማለታችን አይደለም) ማካካስ ይቻላል፤ ግን ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል። ወላጆች ልጃቸው በ3 ዬሂዶት እንደተመደበ ከፈረሙ በኋላ ሊያውቁ ይችላሉ።

ስለዚህ ወረቀቱ ሲመጣላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አስተማሪውን ጠይቁ፦ ልጄ ለምን እዚህ ተመደበ? ሒሳቡ ነው ወይስ ዕብራይስጡ የከበደው? ወደ 4 ወይም ወደ 5 ለመሻገር ምን ያስፈልገዋል? የማጠናከሪያ ትምህርት አለ ወይ? ዕብራይስጣችሁ ካልበቃ የሚያስተረጉም ዘመድ ወይም ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። ልጁን ራሱን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ አስተማሪው ስለ እሱ የሚለውን ሁሉ እንዳለ ይነግራችኋል ብላችሁ አትጠብቁ።